የፔኛክላራ በር ዘፈን

ቡርጎስ፣ በቅዱስ ሉቃስ ዕለት፣ በጌታ ልደት 1460
(በእናንተ የዳስ በዓል ካለፈ በኋላ)

ይድረስ ለእትዬ ኦሮሶል፣ ፔኛክላራ፣ ከወንዙ ዳር ቀለም ነካሪዎች ሰፈር።

አምላክ ጤናና ሰላም ላንቺም ለልጅሽ ለሚራም ያድል፤ ለእማማ ሉናም ዕድሜ ይጨምርላት። አራት ዓመት ሙሉ ድምፄን አጥፍቼ ዛሬ በደብዳቤ ስመጣ ፊትሽ ምን እንደሚመስል ይታየኛል። መጀመሪያ ትቆጪያለሽ። ከዚያ ወረቀቱን ገልብጠሽ ጥሩ ወረቀት መሆኑን ታያለሽ።

አሁን በቶሬሙዳ ጌታ በዶን ቤልትራን ቤት ጸሐፊ ነኝ። ጌታዬ አንድ ትልቅ መጽሐፍ እያሠራ ነው። በሀገሩ ሁሉ ሰው በቃሉ ብቻ የያዛቸው የድሮ ዘፈኖች በካስቲያ ቋንቋ ተጽፈው እንዲቀመጡ ይፈልጋል። ስድስት ጸሐፊዎች ነን። ሌሎቹ የየሀገራቸውን ሲያመጡ እኔ ዝም ብዬ አልተቀመጥኩም፤ የፔኛክላራን በር ዘፈን ነገርኳቸው። ግን ዳርና ዳሩን እንጂ ሙሉውን አላውቀውም። እማማ ሉና ስትዘፍነው እኔ እንቅልፍ ይወስደኝ ነበር።

ስለዚህ እትዬ፣ ከራስ እስከ እግሩ ጻፊልኝ። በኛ በዕብራይስጡ ፊደል ጻፊው፤ ቋንቋው የካስቲያ ይሁን እንጂ ፊደሉን አልረሳሁም። መጽሐፍ ውስጥ የገባ ነገር አይሞትም። የኛ ሰዎች ሥራ በበግ ቆዳ ላይ ተጽፎ በትልቅ ሰው ቤት ሲቀመጥ እስቲ አስቢው።

ያሳደግሽው፣ ሎፔ


ፔኛክላራ፣ በካሴሉ ወር፣ በኛ አቆጣጠር 5221 ዓመተ ዓለም

ለወንድሜ ለዬንቶ። እዚያ ሎፔ ይሉሃል አሉ፤ እኔ አፍንጫውን እየጠረግሁ ያሳደግሁት ልጅ ግን ዬንቶ ነውና በሱ ልጥራህ።

የአባቶቻችን አምላክ መንገድህን ያቅናልህ፣ ከክፉ ዓይን ይሰውርህ፣ በሰው ፊት ሞገስ ይስጥህ።

በቅሎ ነጂው ማርቲን ደብዳቤህን ሲያመጣ እጄ እስከ ክርኔ ቀለም ውስጥ ነበር። ሚራ ናት ከፍታ ያነበበችልኝ። "እማ፣ ሞቷል ያልሽው ሰውዬ ጻፈልሽ" አለችኝ። "ሞቷል አላልኩም፣ ጠፍቷል ነው ያልኩት" አልኳት።

እናቴ ሉና ግን አርፋለች፤ ሁለት ዓመት ሆናት። ተጠምቀህ ስምህን የቀየርህ ጊዜ የሰፈሩ ሰው መጥቶ "እንደ ሞተ ቁጠሪው፣ ሰባት ቀን መሬት ላይ ተቀመጪ" ቢላት እምቢ አለች። "የአጎቴ ልጅ ልጅ ነው፣ ወላጆቹ በወረርሽኝ ሲያልቁ ጡት እንዳጠባሁት ያህል አሳድጌዋለሁ። ቡርጎስ ሄደ እንጂ አልሞተም። ለቡርጎስ ለቅሶ አልቀመጥም" ብላ መለሰቻቸው። ይህን የምጽፍልህ ልወቅስህ አይደለም። ማወቅ ስላለብህ ነው።

ዘፈኑን ለመጻፍ ግን ብዙ አመነታሁ። ለምን እንደሆነ ታውቃለህ። ከመቶ ዓመት በፊት ጠላት ከተማችንን የከበበበት መታሰቢያ በሚውልበት ቀን ከተማው በሙሉ፣ ክርስቲያኖቹም እኛ አይሁዶቹም፣ ወደ ወንዙ በር እንወርዳለን። ከላይኛው ሰፈር ዳቦ ጋጋሪዋ ሜንሲያ ታወጣለች፣ እኔ እቀበላለሁ። ዘፈኑ ሲያልቅ የከተማው ሽማግሌዎች እጃቸውን በሩ ላይ አድርገው "ይህ ዘፈን እስከተዘፈነ ድረስ የቀለም ሰፈርን ማንም አይነካም" ብለው ይምላሉ። በሌሎች ከተሞች የኛ ሰዎች ቤት ሲቃጠል እዚህ አንድ ድንጋይ ያልተወረወረው በዚህ ነው። ዘፈኑ ለኛ አጥራችን ነው፤ ለሌላ እጅ መስጠቱ አስፈራኝ። መጽሐፍ ውስጥ የገባ አይሞትም ያልከው ቃል ግን አሸነፈኝ። እኔም አርጅቻለሁ፣ ሜንሲያ ከኔ ትብሳለች።

አርባ ስንኝ ጽፌ ልኬልሃለሁ። የከተማው አዛዥ ሸሽቶ ሴቶቻችን የፈላ ቀለም ከበሩ ላይ እያፈሰሱ ጦሩን የመለሱበትን ቦታ ተጠንቅቀህ ገልብጥ፦

ጌታ ሱዌሮ ፈረሱን ጫነ፣ ወጣ በጓሮ በር፤
እጀ ሰማያዊ ሴቶች ናቸው የቀሩት ከከተማው ጋር።

እህትህ፣ ኦሮሶል


ቡርጎስ፣ በሻማ በዓል ሰሞን፣ 1461

ለምወድሽ እትዬ። ምሕረት ከቤትሽ አይራቅ።

የእማማ ሉናን ነገር ያነበብኩት በረት ውስጥ ገብቼ ነው። ማን ሞተብህ ብሎ የሚጠይቀኝ ሰው እንዳይኖር።

ዘፈኑ ደርሶኛል። ለጌታዬ አነበብኩለት። የተደሰተ ይመስለኛል። ሁለት ነገር ጠይቆኛል። አንደኛ፣ በከተማው ሽማግሌዎች ዘንድ የተጻፈ ቅጂ አለ ወይ? ሁለተኛ፣ ሙሉውን በቃላቸው የሚያውቁት እነማን ናቸው? ለመጽሐፉ ትክክለኛነት ነው።

ሦስተኛው የኔ ነው። ሳለቅስ እማማ ሉና የምትጨምርልኝ የሽመላው ስንኝ ነበር። እሱን አልላክሽልኝም። እባክሽ።

ሎፔ


ፔኛክላራ፣ በአዳር ወር፣ 5221

ለወንድሜ ለዬንቶ። እናቴን ያስታወሰ ልብህን አምላክ ያስብልህ።

የተጻፈ የለም። ማን ይጽፈዋል? ከተማው በሙሉ ተቀባይ ነው፤ ከጫፍ እስከ ጫፍ የምናውቀው ግን ሜንሲያና እኔ ነን። ሚራም ከኔ እየሰማች ይዛዋለች፣ ግን ሰው ፊት ታፍራለች። የሚራን ማግባት አልነገርኩህም። ባሏ ቪዳል ይባላል፣ ጥሩ ቀለም ነካሪ ነው፣ አፉ ግን አያርፍም። ጥያቄህን ሳነብለት "ዘመድሽ ምነው እንደ ቤት ቆጣሪ ሆነ? ዶሮዎቹንም ልቁጠርለት?" አለኝ። ሳቅን።

የሽመላው ስንኝ በሩ ላይ አይዘፈንም። እናቴ ላንተ ብላ የፈጠረችው ነው፣ ከቤታችን ውጭ ማንም አያውቀውም። አንተን ደስ ካለህ ግን እነሆ፦

ሽመላው ከደወሉ ማማ አንገቱን አዙሮ አየ፤
ያየውን እንዳይረሳ እዚያው ጎጆውን ሠርቶ ቆየ።

መጽሐፉ ሲያልቅ ቢያንስ አንዷን ገጽ ገልብጠህ ላክልን። ሚራ ለምትወልደው ልጅ እናስቀምጣለን።

ኦሮሶል


ፔኛክላራ፣ በኤሉል ወር፣ 5221

ለወንድሜ ለዬንቶ። በጤና ይድረስህ።

ከአዳር ወር ጀምሮ ቃል አልሰማሁም። ታመህ እንደሆነ ማርቲንን ጠየቅሁት፤ "በሐር ካባ አየሁት፣ ሰላም አላለኝም" አለኝ።

እዚህ ወሬ አለ። ንጉሡ ፔኛክላራን ለቶሬሙዳ ጌታ ሰጠ ይላሉ። ያ ቤት ከተማዋን ከድሮ ጀምሮ ይገባኛል ሲል ኖሯል አሉ። ሜንሲያ ትናንት ወደ ሰፈራችን ወርዳ እጄን ያዘችና "ኦሮሶል፣ አንቺ ያሳደግሽው ልጅ የሚጽፍለት ሰውዬ የማን ዘር እንደሆነ ታውቂያለሽ? የሱዌሮ አምስተኛ ትውልድ ነው" አለችኝ። የሸሸው የኛው ሱዌሮ።

አንተ ይህን ታውቅ ነበር? አዎ ወይም አይ ብቻ ብለህ ጻፍልኝ።

ኦሮሶል


ቡርጎስ፣ በቅዱስ ማርቲን ዕለት፣ 1461

ለወይዘሮ ኦሮሶል። ሰላም ለናንተ ይሁን።

ሥራ በዝቶብኝ ዘገየሁ። የጌታዬ የዘር ሐረግ በሁሉም ዘንድ የታወቀና የተከበረ ነው። ስለ ከተማው የሚወራውን ባትደግሚው ይሻላል። መጽሐፉ በደህና እየሄደ ነው።

አንድ ነገር አደራ። ከእንግዲህ ደብዳቤሽ ላይ ዬንቶ ብለሽ አትጻፊ። እዚህ ደብዳቤ የሚያየው አንድ ሰው ብቻ አይደለም።

ሎፔ ደ ቶሬሙዳ


ፔኛክላራ፣ በታሙዝ ወር፣ 5222

ለክቡር ሎፔ ደ ቶሬሙዳ።

በደብዳቤ መጀመሪያ ምርቃት ይጻፋል። ዛሬ ልጽፍ ሞክሬ እጄ እምቢ አለኝ፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ።

የበዓሉ ቀን እንደ ወትሮው ወደ ወንዙ በር ወረድን። ሜንሲያ ልታወጣ ስትል የአዲሱ ጌታ ሹም "ዘንድሮ አንቺ ዕረፊ" አላት። የጌታው ቀለም ያለበት ልብስ የለበሱ አራት አዝማሪዎች መጡ። ሹሙ ወረቀት ይዟል። ከመጽሐፉ የተገለበጠ ነው አለን። ዜማው የኛው ስለነበር መጀመሪያ ደስ አለኝ። ሚራን ጎንተል አድርጌ "ሰማሽ? ገባ እኮ፣ መጽሐፍ ውስጥ ገባ" አልኳት። ከዚያ ስለ በሩ የሚለው ስንኝ ላይ ደረሱ፦

ጌታ ሱዌሮ ሰይፉን መዘዘ፣ ቆመ በጓሮ በር፤
እጀ ሰማያዊ ሴቶች ናቸው የሸጡን ለወራሪው ጦር።

ሰው ሁሉ ዞሮ አየን። መቶ ዓመት ሙሉ በየበዓሉ ሽቅብ አንሥተን የምናሳየውን ሰማያዊ እጅ ሁላችንም ወደ ኋላችን ደበቅነው። ማንም ሳይነግረን።

ቪዳል ብቻ ወደ ፊት ወጣ። "ዘፈኑ እንዲህ አይደለም" አለ። ሹሙ አልተቆጣም። "የናንተ በአፍ ነው፣ ይሄኛው በመጽሐፍ ነው። የቱን እንመን?" አለው። ሜንሲያ "እኔ ሰባ ዓመት ዘፍኜዋለሁ፣ እኔን እመኑኝ" አለች። "አንቺ እርሾሽን ጠብቂ" አላት። ሰዎች ሳቁ። አብረን ያደግን ሰዎች ናቸው የሳቁት። ሽማግሌዎቹ በሩን ሳይነኩ ወደ ቤታቸው ሄዱ።

በሦስተኛው ቀን ጎረምሶች አዲሱን ዘፈን እየዘፈኑ ወደ ሰፈራችን ወረዱ። ጋኖቹን መስበር ጀመሩ። ቪዳል እሳት ላይ ካለው ጋን ፊት ቆሞ "ይሄኛው የላይኛው ቤተ ክርስቲያን መጋረጃ ነው፣ የራሳችሁን ዕቃ ነው የምትደፉት" አላቸው። ደፉት። ከወገቡ በታች ተቀቀለ። ዘጠኝ ቀን ኖረ። ሚራ የአምስት ወር ነፍሰ ጡር ናት።

ማን እንደ ለወጠው እንዴት አወቅሽ ይሉኝ ይሆናል። ለሌላ ጸሐፊ ለማሳበብ ያስቡ ይሆናል። የሽመላው ስንኝ እዚያ ውስጥ አለ። አንዲት ቃሉ ሳይነካ። እናቴ እርስዎን ለማባበል የሠራችው ስንኝ እኛን ከሻጭ በቆጠረው ዘፈን መካከል ቁጭ ብሏል። ከቤታችን ውጭ የሚያውቀው ሰው አንድ ነው።

ቪዳል በስምንተኛው ቀን "ያ ዘመድሽ እስቲ ጻፊለትና ጠይቂው፣ ምን አደረግነው?" አለኝ። አደራውን እየፈጸምኩ ነው። ምን አደረግንዎት?

ኦሮሶል፣ የሉና ልጅ


ቡርጎስ፣ በመስከረም፣ 1462

እትዬ፣

ሁለት ወር ሙሉ ይህን ደብዳቤ ስጽፍና ስቀድ ከረምኩ።

እዚህ እንዴት እንደምኖር አታውቂም። ቅዳሜ ጠዋት አገልጋዬ ሳትነሣ እኔ ራሴ ተነሥቼ እሳት አነዳለሁ፤ ጎረቤት ጭስ ከቤቴ ሲወጣ እንዲያይ። አሳማ ስበላ ሰው እያየኝ እበላለሁ። ይህን ሁሉ እያደረግሁም "ያ የሰንበት ድስት ናፋቂ" ይሉኛል።

ዘፈኑን ባነበብኩለት ቀን ዶን ቤልትራን ሌሎቹ አምስቱ ጸሐፊዎች ባሉበት "ሎፔ፣ በዚህ ዘፈን ውስጥ የኔ አያት ፈሪ ነው። ያንተ አያቶችስ ምንድን ናቸው?" አለኝ። አምስቱም ብዕራቸውን አቆሙ። "እኔ አያት የለኝም ጌታዬ፤ ቤቴ እርስዎ ነዎት" አልኩ። "እንግዲያው አስተካክለው" አለኝ። ከዚያ በኋላ ነው ስለ ቅጂውና ስለ ሰዎቹ የጠየቅሁሽ። ሌላ ምስክር የሚሆን ነገር አለመኖሩን ማወቅ ነበረብኝ።

ሁለት መስመር ብቻ ነው እትዬ። ቃሉን እንኳ ብዙ አልለወጥኩትም። ለጌታው ከተማውን ይገባኛል ለማለት ማስረጃ ይሆናል፣ በመጽሐፍ ታሥሮ ይቀራል ብዬ አሰብኩ። ወደናንተ ይመለሳል ብዬ አላሰብኩም። የሽመላውን የጨመርኩት እማማ ሉናን ስለምወዳት ነው። ሌላ የሷ የሆነ ነገር የለኝም።

ምን እንዳደረጋችሁኝ ጠየቅሽ። ምንም አላደረጋችሁኝም።

ኑና እኔ ጋ ኑሩ። አንቺም ሚራም ብትጠመቁ ቤት አስገኝላችኋለሁ። አዲስ ስም እንደ አዲስ ጫማ ነው፤ የሚልጠው መጀመሪያ ብቻ ነው።

ያሳደግሽው


ቡርጎስ፣ ከቅዱሳን ሁሉ በዓል በኋላ፣ 1463

ይድረስ ለእትዬ ኦሮሶል፣ ናቫራ፣ ቱዴላ።

ድንበር ተሻግራችሁ ቱዴላ እንደገባችሁ፣ የቀለም ሰፈሩም ባዶ እንደሆነ ማርቲን ነገረኝ። ሚራ ሴት ልጅ መውለዷንም። ምሕረት ለሷ ይሁን። ለኔ ለመለመን ግን አፍራለሁ።

ከጌታው ቤት ወጥቻለሁ። አዲስ የመጣ ጸሐፊ መጽሐፉን ገልጦ "ጌታዬ፣ ሎፔ የተወለደው ፔኛክላራ ቀለም ሰፈር ነው። የርስዎ መጽሐፍ እንደሚለው ከሻጮቹ ዘር ነው" አለ። ዶን ቤልትራን ወደኔ ዞሮ "መጽሐፉ እውነት ከሆነ አንተ ከነሱ ነህ። ውሸት ከሆነ የዋሸኸው አንተ ነህ። የቱን ትመርጣለህ?" አለኝ። የሐር ካባውን በር ላይ አስወለቁኝ።

አሁን ለሰው ደብዳቤ እየጻፍኩ እኖራለሁ። እውነተኛውን ዘፈን ጽፌ ለንጉሡ ዳኞች ላቀርብ ተነሣሁ። ስምሽ ይጸዳል፣ የቪዳል ስም ይጸዳል። ግን እትዬ፣ የላክሽልኝን ጽሑፍ ፈርቼ ያኔውኑ አቃጥዬዋለሁ። በቃሌ ልጽፍ ብቀመጥ ከበሩ ስደርስ የሚመጣልኝ የራሴው ነው። በእማማ ሉና ድምፅ ሞከርኩት። በሷ ድምፅም የኔው መጣ።

ሌላ ምንም አልጠይቅሽም። ሁለቱን መስመር ብቻ ላኪልኝ።

ዬንቶ


ቱዴላ፣ በአዳር ወር፣ 5224

ለሎፔ ደ ቶሬሙዳ። ዬንቶ ብለው የፈረሙትን አይቻለሁ።

ደብዳቤዎ ከደረሰኝ ሦስት ወር ሆኖታል። መልሱ ያዘገየኝ ንዴት አይደለም።

ባለፈው ወር የጎረቤት ሠርግ ላይ የሰፈሩ ሴቶች "የሀገርሽን ዘፈን አሰሚን" ብለው ያዙኝ። የበሩን ዘፈን አወጣሁ። አጨበጨቡልኝ፣ ተቀበሉኝ። ከበሩ ስደርስ "የሸጡን" የሚለው ከአፌ ወጣ። በገዛ አፌ። ሀገር ለቀን እስክንወጣ ድረስ ልጆች መስኮታችን ሥር ሲዘፍኑት ከርመው ነበርና በጆሮዬ ገብቶ አድሯል። ቆምኩ። ሴቶቹ ለቅሶ ያነቀኝ መስሏቸው ውሃ አመጡልኝ።

ያረመችኝ ሚራ ናት። ልጇን ጉልበቷ ላይ አስቀምጣ ፀጉሯን እያበጠረች ነበር፤ ቀና እንኳ ሳትል እናቴ ትለው እንደነበረው አድርጋ ቀጠለችው። ሰው ፊት ስትዘፍን ሰምቻት አላውቅም። እስከ መጨረሻው ወሰደችው።

ስለዚህ እኔን መጠየቅዎ ከንቱ ነው፤ ዛሬ ልጻፈው ብል በየትኛው መስመር ላይ እንደምስት አላውቅም። እሷን ጠየቅሁልዎት። ደብዳቤዎን ሙሉውን አነበብኩላት። ሲያልቅ "ይጻፈው ብለን ሰጠነው። ጻፈው" አለችኝ።

"ለዳኞች ነው አለ፣ ለቪዳል ስም ነው አለ" አልኳት።

"የቪዳል ስም እኔ ጋ ነው ያለው። ከሱ የጎደለ ነገር የለም" አለችና ልጇን አንሥታ ወደ ጓዳ ገባች።

ለመንኳት። ሁለት ጊዜ። ሁለተኛው ላይ "እማ፣ ለማን ነው የምታለቅሽው?" አለችኝ።

እኔ ብሆን፣ ዬንቶ፣ እሰጥህ ነበር። ይህን እወቅ። አሁን ግን የሷ ነው፤ እሷ ደግሞ አይሆንም ብላለች። እኔም ደግሜ አልጠይቃትም።

ከፋሲካ በፊት ቤት እንቀይራለን። ወዴት እንደሆነ ለማርቲን አልነገርኩትም።

ኦሮሶል